ደሴት ለሁለት

«ጸጥታ» የምንለው ቃል ሁለት ፊት አለው። አንደኛው ፊቱ የሌሊት ነው፤ ነፋስ ሲተኛ፣ መንደር ሲያንቀላፋ የሚወርደው ዝምታ ነው። ሁለተኛው ፊቱ የመንግሥት ነው፤ ግብረ ኃይል የሚቋቋምለት፣ መግለጫ የሚወጣለት፣ «በአስተማማኝ ሁኔታ ላይ ይገኛል» የሚባልለት። አማርኛ ሁለቱን በአንድ ቃል አስሯቸዋል። ቋንቋው ይህን ሲያደርግ የሚያውቀው ነገር ሳይኖር አይቀርም እላለሁ፦ ሁለተኛው በሌለበት አንደኛው እንደማይገኝ።

ከጣርማ በር ግርጌ የሚኖር ሰው ይህን ያለ መምህር ያውቀዋል። ጣሊያን በወረራው ዘመን ተራራውን በስቶ የሠራውን ዋሻ አልፎ ወደ ደብረ ሲና የሚወርድ መንገደኛ፣ ከሦስት ሺህ ሜትር በላይ ካለው ብርድ ተነሥቶ ብዙም ሳይቆይ ሸዋ ሮቢት ቆላ ይገባል። ጋቢውን ያወልቃል። ማንጎና ፓፓያ፣ ሽንኩርትና ማሽላ ይቀበሉታል። ሌሊቱ ሞቃት ነው፤ ደጅ ወጥቶ መተኛት ያሰኛል። ነገር ግን በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. አጣዬ ስትቃጠል፣ በኅዳር 2014 ዓ.ም. ደግሞ ጦርነቱ ሸዋ ሮቢትን ይዞ ወደ ደብረ ሲና ሲጠጋ፣ ዝምታ በዚያ አገር ትርጉሙ ተለወጠ። ውጭው ጭር ሲል ሰው እንቅልፍ ያጣ ጀመር፤ ጆሮውን አቁሞ የሚቀጥለውን ድምፅ መጠበቅ ለመደ።

ከዚያው ቆላ የሆኑ ሁለት እጮኛሞች በቅርቡ ምክር ጠይቀውኛል። «እርስዎ ስለ አገሩ ያነባሉ፤ ለጫጉላችን ጸጥ ያለች፣ ኪሳችንንም የማትጎዳ አንዲት ደሴት ይምረጡልን» አሉኝ። ይህን የሰሙ ወዳጆቼ ሳቁ። «የሽንኩርት ነጋዴ ልጅ ደሴት አማረው!» ያለም ነበር። እኔ ግን ጥያቄው የሚያስቅ አይመስለኝም። ቅንጦት ነው የሚሉትን ልሞግት ይህን ጽፌአለሁ።

የጫጉላ ሽርሽር የፈረንጅ ወግ ነው ይሉናል። ሽርሽሩ ይሁን፤ ጫጉላው ግን የኛ ነው። አያቶቻችን ለሙሽሮች ለብቻቸው የሚሆን ጎጆ ይቀልሱ ነበር። ሚዜ ደጁን ይጠብቃል፣ ምግብ ይቀርባል፣ ሙሽሮቹ ከሥራና ከዘመድ ግርግር ጥቂት ቀን ይከለላሉ። ውሃ ባይከበውም ያ ጎጆ ደሴት ነበር። ድሃው ገበሬ እንኳ ለልጁ አይነፍገውም ነበር። ዛሬ በኪራይ ክፍል ለሚሞሸሩ ወጣቶች ያን ጎጆ የሚቀልስላቸው የለም፤ ስለዚህ ራሳቸው ይፈልጉታል። ቅንጦት የተባለው ነገር ቦታው የጠፋበት የቆየ ሥርዐት ነው።

የሐሩር ክልል ደሴት ሲባል ልብ ወደ ሩቅ ይሄዳል። ነገር ግን ካርታው የሚለው ሌላ ነው። ኢትዮጵያ በሙሉ በሐሩር ክልል ውስጥ ናት። ሸዋ ሮቢት ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 10 ዲግሪ ገደማ፣ ዛንዚባር በስተ ደቡብ 6 ዲግሪ ገደማ ላይ ይገኛሉ። እንግዲህ ልጆቹ የሚፈልጉት ሙቀትም ዘንባባም አይደለም፤ ሙቀቱንማ ሸሽተውት ነው። የሚፈልጉት ውሃውን ነው፤ ከበስተኋላ ማንም እንዳይመጣ የሚከለክለውን ውሃ።

የመጀመሪያ ሐሳባቸው ዛንዚባር ነበር። አይፈረድባቸውም፤ አውሮፕላናችን በቀጥታ ይሄዳል፣ በመጋቢትና በግንቦት መካከል በሚጥለው ረጅሙ ዝናብ ወራት የማረፊያው ዋጋ ይቀንሳል። ነገር ግን በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲተው፣ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ባሕሩ አንዲት ስንዝር ሳይርቅ መንገዱ እጥፍ ረዘመባቸው ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2024 ደሴቲቱ በውጭ ጎብኚዎች ላይ የጣለችውን የ44 ዶላር የግዴታ መድን ሲጨምሩበት፣ ጉዞው በብድር ካልሆነ የማይሞከር ሆነ። የብድር ደብዳቤ ይዞ የሚመለስ ሙሽራ ጸጥታ አገኘ አልልም።

ከገንዘቡ በላይ ደግሞ አንድ ነገር አለ። የዛንዚባር ልጅ የሆነው ደራሲ አብዱልራዛቅ ጉርናህ በመስከረም 2014 ዓ.ም. የኖቤል የሥነ ጽሑፍ ሽልማት እንዳገኘ ተሰማ። ይህ ሰው በ1956 ዓ.ም. በደሴቲቱ ከፈነዳው አብዮት በኋላ፣ ገና በወጣትነቱ፣ ወደ እንግሊዝ የተሰደደ ነው፤ ልብ ወለዶቹም ስደተኛውን ሲከተሉ ኖረዋል። እንግዳው ጸጥታ ፍለጋ በሚመጣበት ባሕር ዳር፣ የአገሩ ልጅ ጸጥታ ፍለጋ ወጥቷል። ከሽልማቱ ዜና በኋላ ሁለት ወር ሳይሞላ ሸዋ ሮቢት ያየችውን ላየ ሰው፣ ይህ የሩቅ ታሪክ አይደለም። ስለዚህ ደሴት በሥዕሏ አትመረጥም፤ የማን ቤት እንደሆነችም መጠየቅ ይገባል።

የይፋት ሰው ከደሴት ጋር ያለው ትውውቅም ከጫጉላ የራቀ ነው። ይፋት በሱልጣኖቹ ዘመን ንግዱን ከዘይላ ወደብ ጋር ያገናኘ አገር ነበር። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ሱልጣን ሰዓደዲን ከንጉሠ ነገሥቱ ጦር ሸሽቶ ዘይላ ደሴት ላይ ተገደለ፤ ከዘይላ ፊት ለፊት ያሉት ደሴቶች እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራሉ። የዳህላክ ደሴቶች ደግሞ እስከ 1985 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ካርታ ላይ ነበሩ፤ ከነሱ አንዷ ኖክራ በጣሊያን ዘመን የእስረኞች ማጎሪያ ነበረች። ውሃ ጠላትን እንደሚከለክል ሁሉ መውጫንም ይከለክላል። ደሴት መሸሸጊያ የሚሆነው ሲፈልጉ መመለስ ሲቻል ብቻ ነው።

ጣናስ? በውበትም በቅርስም አቻ የለውም። ነገር ግን ደሴቶቹን ለጸጥታ ቀድመው የመረጡት መነኮሳት ናቸው፤ የመረጡትም ለሌላ ዓይነት ጸጥታ ነው። ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴት አይገባባቸውም። ሥርዐቱ የቆየ ነው፤ እኔም ይሻር አልልም። ግን ባል ገዳሙን ሊሳለም ሲወጣ ሚስት ጀልባ ላይ ቁጭ ብላ የምትጠብቅበት ደሴት የጫጉላ ደሴት አይሆንም። ናርጋ ሥላሴ ለሴቶችም ክፍት ነው፤ ያሠሩትም እቴጌ ምንትዋብ ናቸው። ሆኖም ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በክልሉ ግጭት ሲስፋፋ ካዩ በኋላ፣ እነዚህን ልጆች ወደዚያ መንገድ ለመላክ ድፍረቱ የለኝም።

የኔ ምርጫ ዝዋይ ነው። ከአዲስ አበባ 160 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ባቱ ከተማ ዳር ያለው ሐይቅ አምስት ደሴቶች አሉት፤ ከነዚህም የአንዷ ስም ደብረ ሲና ነው። ከጣርማ በር ሥር ላደገ ሰው ይህ ስም ብቻውን እንግድነትን ያቀላል። ትልቋ ደሴት ቱሉ ጉዶ ናት፤ የደብረ ጽዮን ማርያም ቤተ ክርስቲያን ያለባት። በዮዲት ዘመን ታቦተ ጽዮን ከአክሱም ሸሽታ በዚህ እንደተጠለለች በአፈ ታሪክ ይነገራል። የደሴቶቹ ሰዎች ዛይ ይባላሉ፤ ቋንቋቸው የስልጤና የሐረሪ ዘመድ ነው፤ ዙሪያውን ሌላ ቋንቋ ሲነገር ውሃው ጠብቆላቸዋል። በይፋት ተራሮች አርጎብኛ ያቆየውን ቁመት፣ በዝዋይ ውሃው ተክቶታል።

ከሁሉ በላይ ቱሉ ጉዶ ባልና ሚስት የሚኖሩባት ደሴት ናት። ሁለቱም ከጀልባ ይወርዳሉ። ማደሪያውን ባቱ አድርጎ በጠዋት በጀልባ ሄዶ መመለስ ይቻላል፤ ቆሮሶው በሽንኩርት ዋጋ ለሚተምን ሰው ኪስ የሚከብድ አይደለም። ባይዋኙ ይሻላል፤ በሐይቁ ቢልሃርዚያ አለ። መዋኘት የፈለገ ጥቂት ወደ ደቡብ ወርዶ ላንጋኖን ያገኛል። ከመነሣት በፊት መንገዱን መጠየቅም እንዳይዘነጋ፤ ዛሬ በአገራችን ይህ ምክር የማይጨመርበት የጉዞ ምክር የለም።

ነጭ አሸዋ የለም፣ ሰማያዊ ባሕር የለም ብሎ የሚከራከረኝ ይኖራል። እውነት ነው፤ የዝዋይ ውሃ ደፍራሽ ነው፤ ለመስኖም ብዙ ይቀዳል። በዳርቻው የሚበቅለው ጽጌረዳ ባሕር ተሻግሮ ለሌላ አገር ፍቅረኞች ይሸጣል። የኛዎቹ ፍቅረኞች አበባው ከሚነሣበት ሐይቅ ዳር ሁለት ሌሊት ቢያድሩ ማን ነው ቅንጦት የሚለው?

ለልጆቹ ይህንኑ ነግሬአቸዋለሁ። የሚቀረው የነሱ ፈንታ አይደለም። ሁለት ሰዎች ያለ ሥጋት ለመተኛት ብለው ከአገራቸው 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀው ውሃ ሲሻገሩ፣ የሚጠየቀው የሙሽሮቹ ወጪ ሳይሆን የኛ አገር አያያዝ ነው። ቀድሞ ጫጉላው ከአባት ደጅ አጠገብ ይቀለስ ነበር፤ ደጁን የሚጠብቀውም አንድ ሚዜ ብቻ ነበር። እሱም ይበቃ ነበር።