ቆጣሪው ሳይመጣ አያትን መጠየቅ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የአባታችሁንና የአያታችሁን ስም ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ በመታወቂያችሁ ላይ ተጽፏልና። የእናታችሁ እናት እናታቸው ማን ይባሉ ነበር? የት ተወለዱ? በየትኛውስ ደብር አጸድ አረፉ? ተብላችሁ ብትጠየቁ ግን ከመካከላችሁ ሳይቸገር የሚመልስ ስንቱ ነው? ይህን ጥያቄ ዛሬ የማነሣው የሕዝብ ቆጠራ ነገር በተወራ ቁጥር ስለ ቁጥርና ስለ ድርሻ አብዝተን ስንከራከር፣ በገዛ ቤታችን ያለውን ዝምድና ግን ሳንመረምር መቅረታችን ስለሚያሳስበኝ ነው።

ቅዱስ ሉቃስ የጌታችንን ልደት ሲተርክ የጀመረው ከሕዝብ ቆጠራ ነው። አውግስጦስ ቄሣር ትእዛዝ ባወጣ ጊዜ ጻድቁ ዮሴፍ ከናዝሬት ተነሥቶ ወደ ቤተልሔም ወጣ። ድኻ ጠራቢ ነበር፤ ሆኖም የዳዊት ወገን መሆኑን ያውቅ ስለ ነበር ወዴት ሄዶ እንደሚቆጠር የሚነግረው አላስፈለገውም። በመጽሐፈ ዕዝራ ምዕራፍ ሁለት ደግሞ የዚህን ተቃራኒ እናነባለን። ከባቢሎን ምርኮ ከተመለሱት መካከል አንዳንድ የካህናት ልጆች የትውልድ መዝገባቸውን ፈልገው ስላላገኙት ከክህነት ተለዩ። የካህን ልጆች ነን ማለታቸው ብቻ አልበቃቸውም።

እኛስ ከየትኛው ወገን ነን? በአገራችን ልደት፣ ጋብቻና ሞት በመላ አገሪቱ በመንግሥት መዝገብ እንዲሰፍሩ ማድረግ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት የኖሩት አያቶቻችን ስማቸው ተጽፎ ቢገኝ የሚገኘው በአጥቢያው የክርስትና መዝገብ፣ በእድርና በሰንበቴ ደብተር፣ ወይም ከቤት በማይጠፋው የዳዊት መጽሐፍ ኅዳግ ላይ ነው። ርስትና ጉልት የነበራቸው ሰዎች ስም በየገዳማቱ የወንጌል መጻሕፍት ባዶ ገጾች ላይ ሰፍሮ ይገኛል፤ በጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ከተጻፉት መዛግብትም የመሬት ሽያጭ ውል ሳይቀር ይነበባል። የብዙኃኑ መዝገብ ግን የአረጋውያን ልብ ነው። ያ መዝገብ ደግሞ ግልባጭ የለውም፤ አንዲት አያት ባረፉ ጊዜ አብሮ ይቀበራል።

አረጋውያን ዘመን አያውቁም እያልን የምንንቃቸው እነርሱ የሚቆጥሩበትን መንገድ ስለማናውቅ ነው። አንዲት እናት፦ «ጣልያን ሲወጣ የጡት ልጅ ነበርሁ፤ የተወለድሁት በዘመነ ሉቃስ፣ በሐምሌ ገብርኤል ነው» ቢሉ፣ ባሕረ ሐሳብን ለተማረ ወጣት የልደት ቀናቸውን ነገሩት ማለት ነው። ዓመተ ምሕረቱን ለአራት ሲያካፍሉት አንድ ቢተርፍ ማቴዎስ፣ ሁለት ቢተርፍ ማርቆስ፣ ሦስት ቢተርፍ ሉቃስ፣ ምንም ባይተርፍ ዮሐንስ ነው። (በዓመተ ዓለም ብታሰሉትም ውጤቱ ያው ነው፤ 5500 ለአራት ያለ ቀሪ ይካፈላልና።) ጣልያን የወጣው በ1933 ዓ.ም. ነው። ለዚያ ቅርብ የሆነው ዘመነ ሉቃስ 1931 ነው። ከእርሱ በፊት ያለው 1927 ቢሆን ኖሮ እኒህ እናት ጣልያን ሲወጣ ስድስት ዓመት ሊሞላቸው የተቃረበ በሆነ ነበርና የጡት ልጅ ነበርሁ ባላሉ። ስለዚህ የተወለዱት ሐምሌ 19 ቀን 1931 ዓ.ም. ነው። ዓድዋ በ1888፣ ሰገሌ በ1909፣ የኅዳር በሽታ በ1911፣ ማይጨው በ1928፤ እነዚህን በልባችሁ ከያዛችሁ «በኅዳር በሽታ ጊዜ እረኛ ነበር» የተባለለት ቅድመ አያት በ1900 ዓ.ም. ገደማ ወይም ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ መወለዱን ትደርሱበታላችሁ።

የሕዝብ ቆጣሪም ዕድሜውን በቁጥር ለማይናገር ሰው እንዲህ ያሉ ክስተቶችን እያነሣ እንዲያሰላ ይሠለጥናል። ነገር ግን በአንድ ደጃፍ የሚቆመው ለጥቂት ጊዜ ነው፤ «ስልሳ በለው» ከተባለ ስልሳ ብሎ ይጽፋል። በአገራችን የቆጠራ ውጤቶች በዜሮና በአምስት የሚያልቁ ዕድሜዎች ከሌሎቹ እጅግ በዝተው የሚታዩት በዚህ ምክንያት ነው። በሕይወት ያሉ አያታችሁን ዕድሜ በግምት የሚያስጽፍ ልጅ ከመሆን አንድ ከሰዓት በኋላ አብሮ ቁጭ ብሎ ማስላት ይሻላል።

ስም ስትጽፉ ተጠንቀቁ። አንድ ሰው የክርስትና ስም፣ የዓለም ስም፣ የቤት ስም ይኖረዋል፤ ዘማች ከነበረም «አባ እገሌ» የሚባልበት የፈረስ ስም ይጨመርለታል። ለፍትሐትና ለተዝካር የተጠራበት ስም በአደባባይ ከሚታወቅበት ይለያልና አንዱን ሰው ሁለት አድርጋችሁ እንዳትቆጥሩት። በእኛ ባህል ሴት ስታገባ የአባቷን ስም አትተውም፤ ስለዚህ የእናቶችን ሐረግ መከተል ከብዙ አገሮች ይልቅ ለእኛ ሊቀልለን በተገባ ነበር። የሆነው ግን ሌላ ነው። ርስት በእናትም በኩል ይወረስ በነበረባቸው አካባቢዎች የእናት ወገን በጥንቃቄ ይቆጠር ነበር፤ የርስቱ ሙግት ሲቀር ቆጠራውም ቀረ። ዛሬ ሰባት ቤት እቆጥራለሁ የሚል ወጣት ብዙውን ጊዜ የሚቆጥረው ሰባት ወንዶችን ነው። ይህ ደግሞ ለጋብቻ አያገለግልም፤ የሥጋ ዝምድና በእናትም በአባትም በኩል ነውና። የክርስትና አባትና እናትንም አትርሱ፤ መንፈሳዊው ዝምድና በየትኛውም የመንግሥት ቅጽ ላይ አይጠየቅም፤ ቤተ ክርስቲያን ግን ትጠይቃለች።

አሁን ብዙዎች ወደማይወዱት ነገር ልምጣ። ዘር የሚመረምር ሰው ያላሰበውን ያገኛል። ባሪያ ተብላ የተሸጠች ቅድመ አያት፣ ሸክላ ሠሪ ወይም ቀጥቃጭ ስለ ነበረ ጎረቤት አብሮት የማይበላው አያት፣ ያለ ጋብቻ የተወለደ ልጅ ሊያገኝ ይችላል። ዐፄ ምኒልክ ባለ እጅን በሥራው መስደብን በዐዋጅ የከለከሉት በ1900 ዓ.ም. ነው፤ ባርነትም በሕግ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. ነው። ሆኖም በእጮኝነት ጊዜ «ዘሩ ምንድን ነው?» የሚለው ጥያቄ ዛሬም በእኛው አጥቢያ፣ ማዕተብ ባሰሩ ሰዎች አፍ ሲነገር እንሰማለን። ጥያቄው የተሠራው ወንድምና እኅት ሳይተዋወቁ እንዳይጋቡ ነበር፤ እኛ ግን ሰው ማራቂያ አደረግነው። ወንጌላዊው ማቴዎስ የጌታችንን የትውልድ ሐረግ ሲጽፍ ትዕማርን፣ ረዓብን፣ ሞዓባዊቷን ሩትንና የኦርዮን ሚስት አልዘለለም። እርሱ ያልዘለለውን የምንዘልል እኛ ማን ነን? ያገኛችሁትን እንዳለ ጻፉ። በሕይወት ያለ ሰው የሚያፍርበት ከሆነ በአደባባይ አታውጡት፤ ግን ከደብተራችሁ አትፋቁት።

ወደ ቆጣሪው እንመለስ። በ1976፣ በ1987 እና በ1999 ዓ.ም. በተደረጉት ሦስት ቆጠራዎች መካከል በመጀመሪያው የተወለዱ ልጆች ዛሬ ወላጆች ናቸው። በሕገ መንግሥቱ መሠረት ቆጠራው በየዐሥር ዓመቱ ሊደረግ ይገባዋል፤ አራተኛው ግን በተደጋጋሚ ተራዝሟል። በተደረገ ጊዜ ሃይማኖት፣ ብሔርና የአፍ መፍቻ ቋንቋ መጠየቃቸው የተለመደ ነው። የኦርቶዶክሳውያን ድርሻ በ1987ቱ ቆጠራ 50.6 በመቶ፣ በ1999ኙ 43.5 በመቶ ተብሎ ሲወጣ ብዙ ክርክር ተነሥቷል። በክርክሩ ላይ ብዙ የምለው የለኝም። በቆጠራው ቀን በቤቱ ተገኝቶ፣ ስለ እያንዳንዱ የቤተሰብ አባል የተጻፈው እንዲነበብለት የጠየቀ ስንት ሰው ነበር? የሚለው ግን ይቆረቁረኛል። በሌላ በኩል የሌለ ሰው የሚያስቆጥር፣ ወይም ሃይማኖቱን የለወጠ ወንድሙን ሳይጠይቅ በራሱ ፈቃድ የሚያስመዘግብ ሰው ለቤተ ክርስቲያን የሠራ አይምሰለው። ንጉሡ ዳዊት በሠራዊቱ ብዛት ሊመካ በቆጠረ ጊዜ ምን እንደ ደረሰበት ታውቃላችሁ።

የብሔር ጥያቄ ከሁሉ ይከብዳል። አራቱም አያቶቹ ከአንድ ወገን ያልሆኑ ልጅ በአንድ ቃል እንዲመልስ ሲጠየቅ የሚሰማውን መጨነቅ ቀላል አድርጌ አላየውም። ራሱን ማን ነኝ እንደሚል የሚያውቀው እርሱ ነው፤ እናት፣ አባት፣ የሰፈር ሽማግሌ፣ የሰንበት ትምህርት ቤት መምህርም ሊመልሱለት አይገባም። ቆጣሪውን አትጣሉት፤ ቅጹን እርሱ አላዘጋጀውም። ነገር ግን ያ አንድ ቃል ሌሎቹን ሦስት አያቶች ከቤታችሁ እንዲያወጣቸው አትፍቀዱ፤ ቅጹ ያልያዘውን የቤተሰብ ደብተር ይይዘዋል።

በአሜሪካ ያላችሁ ደግሞ ነገሩ በሌላ መልኩ ያገኛችኋል። እዚያ በቆጠራ ሃይማኖት አይጠየቅም፤ በ2020 እ.ኤ.አ. በተሰራጨው ቅጽ ግን በዘር ጥያቄ ሥር በምሳሌነት ከተጠቀሱት ወገኖች መካከል «ኢትዮጵያዊ» የሚለው ይገኝበታል። የየቤተሰቡ ቅጽ ለ72 ዓመታት ታሽጎ ይቀመጥና ለሕዝብ ይከፈታል፤ የ1950ው በ2022 እ.ኤ.አ. ተከፍቷል። እናንተ በ2020 የሞላችሁትን የልጅ ልጆቻችሁ በ2092 እ.ኤ.አ. ያነቡታል ማለት ነው። በዚያ ቅጽ ላይ የሚያገኙት የናንተን ስም እንጂ የአያቶቻችሁን ስም አይደለም።

እንግዲህ በሚመጣው ሰንበት ከቅዳሴ በኋላ አያቶቻችሁን ስትጠይቁ ደብተር ይዛችሁ ሂዱ፤ ድምፅ በስልክ ለመቅዳትም አስቀድማችሁ ፈቃድ ጠይቁ። በታላላቅ ስሞች አትጀምሩ። ልጅ ሳሉ ውኃ የቀዱበትን ምንጭ፣ ክርስትና የተነሡበትን ደብር፣ አዋላጃቸውን ጠይቋቸው፤ ስሞቹ እየተከተሉ ይመጣሉ። የእናታቸውን ስም ሲነግሯችሁም የክርስትና ስማቸውን ጨምራችሁ ጻፉ፤ ካህኑ በጸሎተ ፍትሐት የሚጠራቸው በእርሱ ነው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።