ሮቢን ሁድ በእውነት ነበረን?

ስለ እንግሊዙ ሽፍታ ስለ ሮቢን ሁድ በተነሣ ቁጥር ጓደኞቻችን በሁለት ወገን ይከፈላሉ። አንደኛው «ይህን ያህል ዘመን የተዘፈነለት ሰው እንዴት አልነበረም ይባላል?» ሲል፣ ሁለተኛው «ማስረጃ አምጡ» ባይ ነው። በበኩላችን ግን ማስረጃው ሌላ ጥያቄ የሚያስነሣ ሆኖ አግኝተነዋል።

እስቲ መዝገቡን እንይ፤ ዓመታቱ ሁሉ በአውሮጳ አቆጣጠር ናቸው። በ1225 በዮርክ በዋለ ችሎት ሮበርት ሆድ የሚባል ኮብላይ ይገኛል፤ ንብረቱም 32 ሽልንግ ከ6 ፔኒ ተገምቷል። ጆሴፍ ሃንተር የተባለው የመዛግብት ሊቅ ደግሞ በ1852 ሌላ ሰው አቀረበ፤ ይኸውም በ1324 በንጉሥ ዳግማዊ ኤድዋርድ ቤት ያገለግል የነበረ ሮቢን ሁድ የሚባል አሽከር ነው። ነገር ግን ሮበርትም ሆነ ሁድ በዚያን ጊዜ የተለመዱ ስሞች ነበሩ። በአንድ አሮጌ መዝገብ ከበደ የሚል ስም ያየ ሰው «የምፈልገውን ከበደ አገኘሁት» ቢል ማን ያምነዋል?

እኛን የሚያስደንቀን የ1262 ጸሐፊ ነው። በበርክሻየር የአንጥረኛው የሮበርት ልጅ ዊልያም የሚባል ሰው ሸፍቶ ነበር። ጸሐፊው ይህንኑ ሰው በሌላ መዝገብ ሲያሰፍር «ዊልያም ሮብሁድ» አለው። ለቀልድ ይሁን ከልማድ፣ ስሙ ያን ጊዜ ለሽፍታ የሚሰጥ ቅጽል ወደ መሆን ደርሶ ነበር ማለት ነው። እንግዲህ የመጀመሪያው ሰውዬ ኖሮ እንደ ሆነ ከ1262 በፊት ነው የኖረው፤ እሱንም የገዛ ስሙ ውጦታል።

የሚያናድደን ከዚህ በኋላ የሆነው ነው። በቀደሙት ግጥሞች ሮቢን መኳንንት አይደለም፤ ጌታም ገባርም ያልሆነ መካከለኛ ሰው ነው። ንጉሡም ሪቻርድ ሳይሆን ኤድዋርድ ይባላል። በ1521 ጆን ሜጀር የተባለው የስኮትላንድ ታሪክ ጸሐፊ ወደ ሪቻርድ ዘመን ወሰደው፤ በ1598 ደግሞ አንተኒ መንደይ በቴአትር የሀንቲንግደን መስፍን አደረገው። ለድኻ የሚያዝን ሰው ያለ ጨዋ ዘር አይገኝም ያሉ ይመስላል! ሀብታሙን ዘረፈ የሚባለው ሽፍታ ራሱ በሀብታም ተዘረፈ።

እርግጥ የድኻው ጀግና ነው ብሎ መደምደሙም ቀላል አይደለም። ሮድኒ ሂልተን በ1958 የገበሬው ብሶት የወለደው ነው ሲሉ፣ ጄ. ሲ. ሆልት በ1960 ግጥሞቹ ስለ ገባር ዕዳ አይናገሩም፣ የተሰሙትም በባላባት አዳራሽ ነው ብለው ተከራከሩ። የሆልት ነጥብ ብርቱ ነው፤ የሮቢን ጠላቶች የኖቲንግሃሙ ሹምና ባለጸጋው አበምኔት ናቸውና። ይሁን እንጂ በአዳራሹ ውስጥ አሳላፊውና ፈረስ ጠባቂውም ጆሮ ነበራቸው። በ1377 ገደማ ዊልያም ላንግላንድ በግጥሙ ያቀረበው ሰነፍ ቄስ እንኳ አባታችን ሆይን በቅጡ ሳያውቅ የሮቢንን ግጥም ያውቃል።

ስለዚህ አንድ የታወቀ ሮቢን ሁድ ነበር አንልም፤ ስሙን የተሸከሙ ብዙ ኮብላዮች ግን ነበሩ። ከጓደኞቻችን መካከል አሁንም ለሀንቲንግደኑ መስፍን የሚሟገት ካለ ብዕሩን ያንሣ፤ ከ1598 በፊት የተጻፈ ማስረጃ ይዞ ይምጣ እንጂ።