ባሕሩ ወደብ ብቻ አይደለም

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይላሉ አበው። ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2023 ቀይ ባሕር ለኢትዮጵያ የህልውና ጉዳይ ነው ካሉ ወዲህ ደጋፊውም ተቃዋሚውም ስለ ወደብ፣ ስለ ባሕር ኃይልና ስለ ታሪካዊ መብት ብዙ ጽፏል። ስለ ባሕሩ ራሱና ከዳርቻው ስለሚኖረው ዓሣ አጥማጅ ግን ከአገዛዙም ሆነ በስደት ከምንገኘው ከእኛ ይህ ነው የሚባል ቃል አልተሰማም። ጥፋቱ የጋራ ስለሆነ ወቀሳውን ከራሳችን እንጀምራለን።

እ.ኤ.አ. በ1982 የቀይ ባሕርንና የኤደን ባሕረ ሰላጤን አካባቢ በጋራ ለመጠበቅ የሚያስችል የመንግሥታት ስምምነት ጅዳ ላይ ተፈረመ። በዚያን ጊዜ ከምጽዋ እስከ አሰብ ያለው ጠረፍ ከነዳህላክ ደሴቶቹ በአዲስ አበባው መንግሥት ሥር ነበር። ከፈራሚዎቹ መካከል ግን ኢትዮጵያ አልነበረችም። ዛሬ ስላጣነው ባሕር እንባ የምናፈስ ሁሉ፣ በእጃችን ሳለ ምን ያህል እንደጠበቅነው ራሳችንን ብንጠይቅ መልሱ አንገት ያስደፋናል።

ስምምነቱን የሚያስፈጽመው ድርጅት መቀመጫው ጅዳ ሲሆን፣ አባላቱ ሳዑዲ ዓረቢያ፣ ግብጽ፣ ዮርዳኖስ፣ ሱዳን፣ የመን፣ ጅቡቲና ሶማሊያ ናቸው። ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ጠረፍ ያላት ኤርትራ ከአባላቱ መካከል የለችም። ከሱዳን ድንበር እስከ ጅቡቲ ድንበር ያለው የምዕራቡ ዳርቻ በሙሉ ከውሉ ውጭ ነው ማለት ነው። የፈሰሰ ነዳጅ ግን ፓስፖርት አይጠየቅም። ማዕበሉ ወደ ወሰደው ይሄዳል።

ይህ ተራ ስጋት አይደለም። በየመን ጠረፍ ለዓመታት ያለ ጥገና የቆመችው «ሴፈር» የተባለች አሮጌ መርከብ ከ1.1 ሚሊዮን በርሜል በላይ ድፍድፍ ነዳጅ ይዛ ነበር። ብትሰነጠቅ ማጽዳቱ ብቻ 20 ቢሊዮን ዶላር ያህል እንደሚፈጅ፣ ጉዳቱም ወደ አፍሪቃ ዳርቻ ሊሻገር እንደሚችል የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት አስጠንቅቆ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2023 የክረምት ወራት በድርጅቱ መሪነት፣ እርስ በርሳቸው የሚዋጉት የየመን ወገኖች ሁለቱም ፈቅደው፣ ነዳጁ ወደ ሌላ መርከብ ተዛወረ። ጠላቶች እንኳ በአንድ ነገር መስማማት እንደሚችሉ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም። በአንጻሩ በየካቲት 2024 በሁቲዎች ሚሳኤል የተመታችው «ሩቢማር» 21,000 ቶን ያህል ማዳበሪያ እንደጫነች ለቀናት ስትዋልል ቆይታ በመጋቢት መጀመሪያ ሰጠመች።

አንድ ሰው ብቻውን ምን ሊሠራ እንደሚችልም እዚያው ጠረፍ ላይ ታይቷል። ጎርደን ሳቶ የተባሉት ጃፓናዊ-አሜሪካዊ ሳይንቲስት በምጽዋ አጠገብ ባለችው በሕርጊጎ፣ ምድረ በዳ በሆነ ዳርቻ ላይ ከመንደሩ ሰዎች ጋር ማንግሮቭ የተባለውን የባሕር ዳር ዛፍ ተከሉ። ቅጠሉ ለፍየል መኖ፣ ሥሩ ለትናንሽ ዓሦች መጠለያ ሆነ። አንድ ሰው ይህን ካደረገ፣ ስምንትና ዘጠኝ መንግሥታት ተባብረው ምን ባላደረጉ ነበር! ነገር ግን ከመስከረም 2001 ጀምሮ ነጻ ጋዜጣ በተዘጋባት ኤርትራ፣ ጋዜጠኛ በሚታሰርባት ኢትዮጵያና ጦርነት ባጠፋት ሱዳን፣ ባሕሩ ሲበከል «ኧረ ተበከለ» ብሎ የሚጮኸው ማን ነው?

ስለዚህ የምንጠይቀው ግልጽ ነው። ኤርትራ የጅዳውን ስምምነት ትቀላቀል። ኢትዮጵያ ዘጠና በመቶ ያህል የውጭ ንግዷን በጅቡቲ የምታሳልፍ፣ ነዳጇንም እዚያው የምታራግፍ አገር ናት። ስለዚህ «የባሕር በር የለኝም» ብላ ከኃላፊነት ልትሸሽ አይገባትም። ለድንገተኛ አደጋ መከላከያ ከጅቡቲ ጋር ተዋውላ ድርሻዋን ትክፈል። በሦስት አገሮች የተከፈለው የአፋር ሕዝብም፣ ከእርሱ መካከል ከባሕሩ የሚኖረው በተለይ፣ በሚመክሩበት ሁሉ ወንበር ይሰጠው።

ሰው በጦርነትና በረሃብ በሚያልቅበት ዘመን ይህ የቅንጦት ወሬ ነው የሚሉን ይኖራሉ። መረቡን ጥሎ ባዶውን ለሚስብ ዓሣ አጥማጅ ግን ይህ የዕለት እንጀራ ነው። ከሁሉም በላይ፣ ባሕሩን በጋራ ለመጠበቅ አብረው የተቀመጡ መንግሥታት ስለ ወደብም ያለ ጠመንጃ መነጋገርን ይለምዳሉ። በኃይል የሚገኝ ወደብ የልጆቻችንን ደም ያስከፍለናል፤ በመተማመን የሚገኝ ወደብ ግን ለልጅ ልጅ ይተርፋል።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነውና፣ ይህን ሸክም ተካፍለን ጌጥ እናድርገው። ቸር ያሰንብተን።