ከካራቆሬ የወጣች የሪፈር ወረቀት ማን እጅ ትደርሳለች?

ካራቆሬ ላይ ሰው ሲታመም ቤተሰቡ መጀመሪያ የሚመካከረው «ወደየት እንውሰደው?» በሚለው ነው። ጤና ጣቢያው ያልቻለው ወደ አጣዬ ሆስፒታል ይላካል። አጣዬ ያልቻለው ደግሞ ሁለት መንገድ አለው። አንዱ በሸዋሮቢትና በደብረ ሲና አልፎ የጣርማበርን ዳገት ወጥቶ ደብረ ብርሃን ነው። ሌላው በከሚሴና በኮምቦልቻ በኩል ደሴ ነው። ከቆላ የወጣ በሽተኛ በአንድ ቀን ውስጥ ብርድ ያለበት ደጋ ላይ ራሱን ያገኘዋል፤ አስታማሚውም ጋቢ ሳይዝ የመጣ ከሆነ የመጀመሪያው ሌሊት ለእሱም ሕመም ነው።

በሁለቱም አቅጣጫ መጨረሻ ላይ የሚጠብቀው ሆስፒታል ብቻ ሳይሆን ዩኒቨርሲቲም ነው። ደብረ ብርሃን ላይ ኮምፕሬሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታሉና የዩኒቨርሲቲው ሐኪም ግዛው ማስተማሪያ ሆስፒታል አሉ። ደሴ ላይ ሆስፒታሉ የወሎ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ተማሪዎች የሚማሩበትም ነው። ከዚያ በላይ ሲሆን፣ በተለይ ካንሰር ከሆነ፣ ጉዞው እስከ ጥቁር አንበሳ ይዘልቃል። እሱም የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ነው። ስለዚህ በእነዚህ ተቋማት ውስጥ መሥራት ምን እንደሚመስል ማወቅ የሐኪሞች የውስጥ ጉዳይ አይደለም። የይፋት ሰው ሕይወት በቀጥታ የሚነካበት ጉዳይ ነው። በማኅበረሰባችን ውስጥ ግን ስለ ሆስፒታል ስናወራ አብዛኛውን ጊዜ «አመናጨቁን» ወይም «አልጋ የለም አሉን» ከሚለው አናልፍም። ቅሬታው እውነት ነው። ምንጩ ግን ሲመረመር ከአንድ ሰው ጠባይ ይሰፋል።

በሀገራችን የጤና ሥርዓት የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ከ60 ሺህ እስከ 100 ሺህ፣ ጠቅላላ ሆስፒታል ከ1 እስከ 1.5 ሚሊዮን፣ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ደግሞ ከ3.5 እስከ 5 ሚሊዮን ሕዝብ እንዲያገለግል ታስቦ ነው የተቀረጸው። ሥርዓቱ የሚሠራው ታችኛው እርከን የራሱን ድርሻ ሲወጣ ነው። አጣዬ በሚያዝያ 2013 ዓ.ል ስትቃጠልና ነዋሪው ሲበተን፣ ሸዋሮቢትም በኅዳር 2014 በጦርነቱ ውስጥ ስትወድቅ፣ ታች መታከም የነበረበት ሁሉ ወደ ላይ ተገፋ። ደሴም ራሷ በዚያው ሰሞን በጦርነቱ ውስጥ ነበረች፤ ሆስፒታሏም ተዘርፏል። እርከኑ በወረቀት ላይ ሦስት ቢሆንም ለቆላው ሰው አንዳንድ ጊዜ አንድ ብቻ ሆኖ ይቀራል።

እንግዲህ የሪፈር ወረቀቷ ደርሳለች እንበል። መጀመሪያ የምታገኘው ላይዘን ኦፊሰር የሚባለውን ባለሙያ ነው። አልጋ መኖሩን የሚያውቀውና ከላኪው ሆስፒታል ጋር በስልክ የሚነጋገረው እሱ ነው። ከዚያ ድንገተኛ ክፍል ውስጥ በሽተኛውን ቀድሞ የሚያየው በአብዛኛው ኢንተርን ነው። ኢንተርን ማለት ትምህርቱን ሊጨርስ የተቃረበ የሕክምና ተማሪ ነው። ታሪክ ይቀበላል፣ ደም ይቀዳል፣ ካርድ ይጽፋል። ሰው ከጎደለም በሽተኛውን ራሱ እየገፋ ራጅ ያደርሳል። ከእሱ በላይ ሬዚደንት አለ፤ እሱም ስፔሻሊቲ በመማር ላይ ያለ ሐኪም ነው። ከሁሉም በላይ ሲኒየሩ አለ። ኢንተርኑ ጠዋት ሞርኒንግ ላይ ሌሊቱን ስለገቡት በሽተኞች ሪፖርት ያቀርባል፣ ራውንድ ይከተላል፣ ማታ ዲዩቲ ያድራል፣ በማግስቱም ተመልሶ ራውንድ ላይ ይቆማል። የካራቆሬ እናት ሌሊት 9 ሰዓት ላይ «ልጄን እዩልኝ» ስትል የምትለምነው ሰው ከትናንት ጠዋት ጀምሮ ጎኑን ያላሳረፈ ሊሆን ይችላል። ይህ ማመናጨቅን አያጸድቅም፤ ከየት እንደሚመጣ ግን ያሳያል።

ሲኒየሩስ? በዩኒቨርሲቲ የተቀጠረ ስፔሻሊስት ማዕረጉ ከረዳት ፕሮፌሰር ይጀምራል። ከዚያ ተባባሪ ፕሮፌሰር፣ ከዚያም ፕሮፌሰር ነው። ለማዕረጉ የሚያስፈልገው የታተመ ጥናት ነው። ለበሽተኛው የሚያስፈልገው ደግሞ ጊዜው ነው። ተማሪው በበኩሉ ማስተማሩን ይፈልጋል። ሦስቱን በአንድ ቀን ውስጥ ማስታረቅ ከባድ ነው። በዚህ ላይ ሁለት አለቃ አለበት። ዩኒቨርሲቲው በጀቱና አስተዳደሩ በትምህርት ሚኒስቴር በኩል ነው። ብዙ ማስተማሪያ ሆስፒታል ደግሞ የክልል ጤና ቢሮ ነው። በአንድ ክፍል ውስጥ ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት ሐኪሞች ደሞዛቸው ከተለያየ ካዝና ይመጣል። የዲዩቲ ክፍያ ሲዘገይ ደግሞ ማን እንደሚጠየቅ እንኳ አይታወቅም፤ አንዱ ወደ ሌላው ይልካል። በሽተኛው ከቢሮ ቢሮ እንደሚንከራተተው ሐኪሙም ይንከራተታል ማለት ነው።

ስለ ነርሶችና አዋላጆች ብዙ አይወራም። ስለ ጽዳት ሠራተኞችና በሽተኛ ስለሚገፉ ሠራተኞች ደግሞ ጨርሶ አይወራም። ደም የነካውን ወለል ጠርገው፣ ቆሻሻውን አውጥተው ወደ ቤታቸው የሚመለሱት በጣም አነስተኛ ክፍያ ያላቸው ሰዎች ናቸው። ስለ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ስንነጋገር እነሱን የማያካትት ወሬ ግማሽ ወሬ ነው።

ወደ ደሞዙ እንምጣ። በግንቦት 2017 የሀገሪቱ የጤና ባለሙያዎች ያቀረቡት ጥያቄ መልስ ስላጣ ከወሩ አጋማሽ ጀምሮ በብዙ የመንግሥት ሆስፒታሎች ሥራ ቆመ። ትልልቆቹ የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታሎችም በውስጡ ነበሩ። ጥያቄዎቹ ስለ ደሞዝ፣ ስለ ዲዩቲ ክፍያ፣ ስለ ቤት፣ ስለ ደኅንነትና ባለሙያው ራሱ ሲታመም ስለሚያገኘው ሕክምና ነበሩ። የመጨረሻው ልብ ሊባል ይገባዋል፤ ሌላውን የሚያክም ሰው ለራሱ መታከሚያ እያጣ ነው። የመንግሥት ምላሽ የአድማውን ሕገወጥነት ማወጅ ነበር፤ በርካታ ባለሙያዎችም ታሰሩ። በሕጉ በኩል ሲታይ በሀገራችን ሆስፒታል የሥራ ማቆም አድማ ከማይደረግባቸው አስፈላጊ አገልግሎቶች አንዱ ተደርጎ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ተዘርዝሯል። የመንግሥት ሠራተኛ ደግሞ የሠራተኛ ማኅበር የማቋቋም መብቱ በሕግ አልተደላደለም። አድማ ክልክል፣ ማኅበር የለም፣ ደብዳቤ መልስ የለውም። ታዲያ ባለሙያው በየት በኩል ይናገር?

በወቅቱ በማኅበረሰባችን ሁለት ዓይነት አስተያየት ይሰማ ነበር። አንዱ ወገን «በሰው ሕይወት ላይ አድማ አይመታም» ይላል። ሌላው «እነሱም ሰዎች ናቸው፣ ልጆች አሏቸው» ይላል። እኛ የምናየው እንዲህ ነው። ድንገተኛ ክፍልና ማዋለጃ መዘጋት የለበትም። ከካራቆሬ 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዛ የመጣች ምጥ የያዛት ሴት ለማንም ክርክር መያዣ ልትሆን አይገባም። ነገር ግን ሥራ ሳያቆሙ የሚሰሙበት በር ከተዘጋ ኃላፊነቱ በሩን የዘጋው ላይ ነው። ማሰር ደግሞ በሽተኛ አያክምም፤ የሚያክመውን ሰው ቁጥር ይቀንሳል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳናነሳ አናልፍም። የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ የጤና ሳይንስ ካምፓስ የተሰየመው በፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ ስም ነው። በፖለቲካቸው የሚስማማም የማይስማማም አለ፤ የእኛ ነጥብ እሱ አይደለም። አንጋፋው የቀዶ ጥገና ሐኪም በ1985 ከ40 በላይ ከሆኑ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ጋር ከሥራቸው የተባረሩ፣ ቆይቶም የታሰሩ፣ በ1991 አሜሪካ ያረፉ ሰው ናቸው። በሕክምና ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሲሠሩ መናገር የሚያስከፍለውን ዋጋ የከፈሉ ሰው ስም በር ላይ ተሰቅሏል። በዚያው በር የሚገቡ ወጣት ሐኪሞች ስለ ደሞዛቸው በማኅበራዊ ሚዲያ ለመጻፍ ሲፈሩ ማየት ያሳዝናል።

ከመስከረም 2018 ጀምሮ መንግሥት የደሞዝ ማሻሻያ አድርጓል። በዲግሪ የሚቀጠር ጀማሪ የመንግሥት ሠራተኛ ከ6,940 ብር ወደ 11,500 ብር ከፍ ብሏል። ይህ በጎ ነው፤ መካድ አይገባም። ሆኖም የምንዛሪ ገበያው በሐምሌ 2016 ከተለቀቀ ወዲህ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ ከእጥፍ በላይ ጨምሯል። ኑሮውም አብሮ ወጥቷል። ስፔሻሊስቱ የሚያወዳድረው ደግሞ ከትናንት ደሞዙ ጋር ብቻ አይደለም። ሐርጌሳ ካለው ሆስፒታል ጋር ያወዳድራል፤ ከባሕረ ሰላጤው አገሮች ጋር ያወዳድራል። የይፋት ቆላ ወጣት በረሃ አቋርጦ ወደ ሳዑዲ ሲሄድ «ምን አጥቶ» ብለን የምንጠይቅ ሰዎች፣ ሐኪሙም የሚሄደው በዚያው ሒሳብ መሆኑን መረዳት አይከብደንም። ልዩነቱ ሐኪሙ ሲሄድ ሬዚደንቱን የሚያስተምረው ሰው አብሮ መሄዱ ነው።

የሚገርመው በሌላ በኩል ሥራ ያጡ ሐኪሞች መኖራቸው ነው። በ2004 በ13 ተቋማት አዲስ የሕክምና ትምህርት ተጀምሮ፣ ነባሮቹም የቅበላ ቁጥራቸውን አሳድገው የተመራቂው ብዛት በፍጥነት ጨመረ። ድሮ ተመራቂ በጤና ሚኒስቴር ዕጣ አውጥቶ ወደ ክልል ይመደብ ነበር። ኋላ ክልሎች የሚቀጥሩበት በጀት አጡ። ሐኪም የሌለው ወረዳና ሥራ የሌለው ሐኪም በአንድ ሀገር ውስጥ አብረው መኖራቸው የእጥረት ጉዳይ ሳይሆን የበጀትና የአመዳደብ ጉዳይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለ1,000 ሰው 4.45 ሐኪም፣ ነርስና አዋላጅ ያስፈልጋል ሲል ያስቀመጠው መለኪያ ለእኛ ገና ሩቅ ነው።

ደኅንነትም አለ። በጥር 2017 በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ጥበበ ግዮን ሆስፒታል ይሠሩ የነበሩ የጉበት ቀዶ ጥገና ስፔሻሊስት፣ ዶክተር አንዷለም ዳኜ፣ ከሥራ ሲመለሱ ተገደሉ። እንዲህ ያለ ሙያ በሀገር ውስጥ በጣት የሚቆጠር ሰው ነው ያለው። ከ2015 ወዲህ በአማራ ክልል ባለው ግጭት መንገድ ሲዘጋ አምቡላንስም ይቆማል፤ መድኃኒት የጫነ መኪናም ይቆማል። ከሸዋሮቢት እስከ ከሚሴ ያለው መስመር ሲዘጋ ካራቆሬ ወደ ላይም ወደ ታችም የላትም።

አሁን ወደ ራሳችን ጉዳይ። ከይፋት የሚሄደው በሽተኛ አንዳንዱ ኦሮምኛ፣ አንዳንዱ አማርኛ፣ አንዳንዱ አርጎብኛ ተናጋሪ ነው። ተቀባዩ ኢንተርን ከሌላ የሀገሪቱ ጫፍ የመጣ ሊሆን ይችላል። ሕመሙን በትክክል የማያስረዳ በሽተኛ ምርመራው ይረዝማል፣ ወጪው ይጨምራል። ብዙ እናቶቻችን በሴት ሐኪም መታየት ይፈልጋሉ። ዛሬ ከሙስሊሙ ማኅበረሰብ የወጡ ሴት ሐኪሞችና አዋላጆች በየዩኒቨርሲቲው አሉ፣ አልሐምዱሊላህ። ግን እያንዳንዷ ተረኛ ላይ የምትገኘው በፕሮግራም ነው፤ ስትፈለግ ሁሌም አትገኝም። ረመዳን ላይ ደግሞ በቴምርና በውሃ አፍጥረው ወደ ቀዶ ጥገና ክፍል የሚመለሱ ባለሙያዎች አሉ። በብዙ ቦታ ክርስቲያን ባልደረቦቻቸው የኢፍጣሯን ሰዓት ይሸፍኑላቸዋል፤ እነሱም በፋሲካና በገና ተረኝነቱን ይወስዳሉ። ይህ በመመሪያ የተጻፈ አይደለም። ቢጻፍ ግን ለሁሉም ይቀል ነበር።

ሞት ሲመጣም ሌላ ችግር አለ። ጀናዛ ቶሎ መቀበር አለበት፤ ካራቆሬ ደግሞ ሩቅ ናት። የሬሳ መኪና ኪራይ ከሕክምናው ወጪ በላይ ቤተሰቡን ዕዳ ውስጥ የሚከትበት ጊዜ አለ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን አባል የሆነም ቢሆን መድኃኒቱ ሆስፒታሉ ውስጥ ከሌለ «ውጭ ግዙ» ይባላል። የሪፈር ሰንሰለቱን ዘሎ የሄደ ደግሞ መድኅኑ ሙሉ ወጪውን አይሸፍንለትም። ይህን ሳያውቅ በቀጥታ ደሴ የሚሄድ ወገናችን ብዙ ነው።

በዚህ ላይ የጎንደር ታሪክ ይጠቅመናል። የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በ1947 የተከፈተው ደምቢያ ላይ ወባ ብዙ ሰው ከጨረሰ በኋላ ነበር። ተማሪዎቹ በቡድን ሆነው ገጠር ጤና ጣቢያ ውስጥ እየኖሩ ይማሩ ነበር። ጅማም በኋላ ትምህርቱን ከማኅበረሰቡ ጋር በማያያዝ ታወቀች። ይፋት ቆላ ዛሬም ወባ ያለበት ነው። ከደብረ ብርሃንም ሆነ ከደሴ የሚመጡ የተመራቂ ተማሪ ቡድኖች ሰላም በተገኘ ጊዜ ሁሉ በአጣዬ፣ በካራቆሬና በማጀቴ በቋሚነት ቢመደቡ ሁለት ነገር ይገኛል። በሽተኛው ሳይጓዝ ይታያል፤ ነገ ሲኒየር የሚሆነው ልጅም የሪፈር ወረቀቷ ከየት ዓይነት ቤት እንደምትመጣ ያውቃል።

ለዚህ ማደሪያ ያስፈልጋል። የተማሪ ቡድን ወደ ወረዳ እንዳይወጣ ከሚያደርጉት ነገሮች አንዱ የሚያርፍበት ቤት አለመኖሩ ነው። በውጭ ያሉ የአካባቢው ተወላጆች ለመስጂድና ለትምህርት ቤት ሲያዋጡ ቆይተዋል። የካራቆሬና የአጣዬ ሽማግሌዎች፣ ዑለሞችና የዕድር ዳኞች ከወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ጋር ተቀምጠው አራት ወይም አምስት ክፍል ያለው ማደሪያ ስለ መሥራት ቢነጋገሩ፣ ለዩኒቨርሲቲዎቹም በጋራ ደብዳቤ ቢጽፉ፣ ጥያቄው ከወረዳው ተነስቶ ስለሚሄድ ለመመለስ ይከብዳቸዋል።