ሠሪው የተወልን ልክ

በጊኒር ገበያ ስንዴ የሚመዝን ነጋዴ ባዶው ሚዛን ከምልክቱ ላይ በትክክል መቆሙን ሳያይ ሥራውን አይጀምርም። የዱቤና የዕቃ መዝገባችንን ከደብተር ወደ ኮምፒዩተር ካዛወርን ወዲህ ግን ሠሪው አስቀድሞ የወሰነውን ልክ፤ ባለሙያዎች «ዲፎልት» የሚሉትን፤ ሳንመረምር እንዳለ እንቀበላለን። ይህ ልክ የተመረጠው መብራት እምብዛም በማይጠፋበት አገር ለሚኖር ሰው ሊሆን እንደሚችል ማን አሰበ?

ኮምፒዩተር ፋይሎችን በዲስክ ላይ የሚያደራጅበት ሥርዓት በአንድ መዝገብ ጸሐፊ ቢመሰል ነገሩ ይገለጻል። በቀድሞው ልማድ ሰው ደብተሩን ገልጦ ባነበበ ቁጥር ጸሐፊው ሰዓቱን በሽፋኑ ላይ እንዲጽፍ ይታዘዝ ነበር። በዚህም ምክንያት ማንበብ ብቻ የነበረው ሥራ መጻፍም ሆነ፤ ዲስኩም በከንቱ ደከመ። ዊንዶውስ ቪስታ በ2007 እ.ኤ.አ. ሲወጣ ይህን ልማድ ከመነሻው አስቀረው። ሊኑክስም በ2009 እ.ኤ.አ. በ2.6.30 እትሙ ሰዓቱ የሚጻፈው ፋይሉ ከተለወጠ በኋላ መጀመሪያ ሲነበብ፤ ወይም የቀድሞው ምልክት አንድ ቀን ሲያልፈው ብቻ እንዲሆን አደረገ። ፍጥነት ተገኘ፤ ከነጋዴው ሒሳብ ግን አንዲት መስመር አልጠፋችም።

በዚያው እትም የተደረገው ሌላው ለውጥ ግን እንዲህ የሚመሰገን አልነበረም። ኢኤክስቲ 3 በተባለው የፋይል ሥርዓት ቀድሞ የነበረው ደንብ ሒሳቡ በገጹ ላይ ከተጻፈ በኋላ ማውጫው እንዲሞላ ያዝዝ ነበር። አዲሱ ልክ ይህን ቅደም ተከተል ተወው። ምክንያቱ ከንቱ አልነበረም፤ አንድ ፕሮግራም ጽሑፉ ዲስክ ላይ መድረሱን ለማረጋገጥ ሲጠይቅ ሌላው ሥራ ቆሞ ይጠብቅ ነበርና። ነገር ግን ማውጫው ተሞልቶ ገጹ ሳይጻፍ መብራት ቢጠፋ፤ የዛሬው የዱቤ ሒሳብ ይገኝበታል በተባለው ስፍራ የቆየ፤ የተሰረዘ ጽሑፍ ይገኛል። በ2010 እ.ኤ.አ. በ2.6.36 እትም የቀድሞው ቅደም ተከተል ወደ መነሻ ልክነቱ ተመለሰ።

እኔ የምደግፈው ይህን መመለስ ነው። አብዛኛው ሰው የመነሻውን ልክ ከቶ አይነካውም፤ ስለዚህ ልኩን የሚመርጠው ባለሙያ ስለማያውቃቸው ብዙ ሱቆች ይፈርዳል። ፍጥነት የፈለገ ሰው ዐውቆ ይለውጠው። ማይክሮሶፍትም በ2018 እ.ኤ.አ. በወጣው የዊንዶውስ 10 እትም 1809 ለፍላሽ ዲስክ እንዲህ ፈረደ፤ ሰው ሳያስፈቅድ መንቀሉን ዐውቆ ከፍጥነቱ ጥቂት ቀንሶ መዝገቡን ለማዳን መረጠ።

በእኛ ዘንድ የሚያሠጋው ሠሪው ብቻ አይደለም። ኮምፒዩተሩን የሚያዘጋጅልን ባለሙያ «ፈጣን አደረግሁልህ» ብሎ ሲያስረክበን ምን እንደ ለወጠ አንጠይቅም። በዊንዶውስ የዲስክ ባሕርያት ገጽ ላይ ዲስኩ በጊዜያዊ ማኅደሩ የያዘውን ጽሑፍ በትእዛዝ ወዲያው ማስፈሩን የሚያስቀር ምርጫ አለ። ከመነሻው ምልክት የለበትም፤ ዲስኩ የተለየ መጠባበቂያ ኃይል ከሌለውም እንዳይመረጥ ገጹ ራሱ ያስጠነቅቃል። መብራት በየጊዜው በሚቋረጥበት ከተማ ባትሪ የሌለው ኮምፒዩተር ይህ ምልክት ከተደረገበት፤ ባለቤቱ የጠፋ ሒሳብ የሚያወጣለት ሰው ፍለጋ ወደ ሮቤ ወይም እስከ አዲስ አበባ ድረስ ሊጓዝ ይችላል።

ስለዚህ ምክር ቤታችን አንድ ገጽ ወረቀት አዘጋጅቶ ለአባላቱ ቢያድል፤ ኮምፒዩተር ሻጩም ከመነሻው ልክ የለወጠውን ሁሉ በደረሰኙ ጀርባ ጽፎ እንዲፈርም ቢጠየቅ፤ ወጪው ከአንድ ኩንታል ስንዴ ዋጋ አይበልጥም።