ተከራካሪን በጠባዩ ወይስ በነገሩ?

የሙግቱ ጥያቄ ይህ ነው፦ በምርጫ ክርክር የሚረታው በመንፈሱና በአኳኋኑ የሚልቀው ነው ወይስ በሐሳቡ? መራጩስ በማንኛው ሊፈርድ ይገባዋል? ሁለት የአሶሳ ጸሐፊዎች ይሟገቱበታል።

ቀዳማዊው ጸሐፊ

ሰው የሰውን ነገር የሚሰማው በጆሮው ብቻ አይደለም። ቃሉ ገና ከአፍ ሳይወጣ የተናጋሪው ገጽ፣ የእጁ እንቅስቃሴ፣ የትንፋሹም መርጋት ወይም መቆራረጥ ለሰሚው ልቡና አስቀድመው ይመሰክራሉና፣ በምርጫ ክርክር የሚረታው በመንፈሱ የረጋው ነው ስል አባቶቻችን በአደባባይ ችሎት ሲፈርዱበት የኖሩትን ማስታወሴ ነው። በበላ ልበልሃ ሙግት ተሟጋቹ ኩታውን አደግድጎ፣ ዱላውን ጨብጦ ከዳኛው ፊት ሲቆም፣ ማር ወይም በቅሎ አግብቶ ሲወራረድ፣ ዙሪያውን የከበበው ሕዝብ የሚመረምረው የምስክሩን ቃል ብቻ ሳይሆን፣ ባላጋራው በነገር ሲወጋው ይገነፍል ወይም ይታገሥ እንደሆነም ነበር፤ በቁጣ የገነፈለ ሰው እውነት ቢይዝ እንኳ ቃሉን ይስታል፣ በሳተውም ቃል ይያዛል።

የሩቁንም ምስክር እጥራለሁ። በመስከረም 16 ቀን 1953 ዓ.ም.፣ በእኛ ዘንድ ደመራ በሚደመርበት ዕለት፣ ለአሜሪካ ፕሬዚዳንትነት የሚወዳደሩት ኬኔዲና ኒክሰን በቺካጎ ከተማ በቴሌቪዥን ፊት በተገናኙ ጊዜ፣ ኒክሰን በጉልበቱ ሕመም ወደ ሁለት ሳምንት ያህል ሆስፒታል ተኝቶ የወጣ፣ ሰውነቱ የከሳ፣ ፊቱም የገረጣ ነበር፤ አገጩ ላይ የወረደውን ላብ ሲጠርግ ታየ። ኬኔዲ ግን ዓይኑን ከካሜራው ላይ ተክሎ፣ በየቤቱ የተቀመጠውን ተመልካች ለብቻው የሚያነጋግር መስሎ ተናገረ። ከዚያች ምሽት በትውልድ አእምሮ ታትሞ የቀረው የሁለቱ ሰዎች ነገር ሳይሆን ያ ላብ ነው።

በአገራችንም ከግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. ምርጫ በፊት የገዥው ግንባርና የተቃዋሚዎቹ ሰዎች በቴሌቪዥንና በሬዲዮ ፊት ለፊት ሲሟገቱ፣ የአቶ ልደቱ አያሌውን ስም በመላ አገሪቱ ያስጠራው ያ የተረጋጋ አነጋገራቸው ነው። ከዚያም የተቃዋሚዎች ጥምረት የነበረው ቅንጅት ከአዲስ አበባ ምክር ቤት 138 መቀመጫዎች 137ቱን አሸነፈ። ይህን ሁሉ ክርክሩ ብቻውን አደረገው አልልም፤ ድርሻው ግን ቀላል አልነበረም።

በእኛ በቤንሻንጉል ጉሙዝ ክልል ግን ነገሩ ከዚህም ይከብዳል። በመተከል በ2012 እና በ2013 ዓ.ም. ብዙ ንጹሕ ደም ፈሰሰ፤ የመተከልና የካማሺ ዞኖችም በ2013ቱ ምርጫ ድምፅ ሳይሰጡ ቀርተው እስከ ሰኔ 16 ቀን 2016 ዓ.ም. ጠበቁ። በእንዲህ ያለ አገር እንደራሴ ሊሆን የሚቆመው ሰው ሲነቀፍ የሚሆነውን ሳላይ ድምፄን አልሰጠውም። በአንድ ሰዓት ሙግት ቁጣውን መግዛት የተሳነው፣ ነገ በሁለት ወገኖች መካከል ጠብ በተነሣ ጊዜ ሥልጣንና መሣሪያ በእጁ ሆኖ እንዴት ይገዛዋል? በጉሙዝ ዘንድ ማንጊማ በሚባለው የዕርቅ ሥርዓት ደም የተቃቡትን የሚያስታርቁት በትዕግሥታቸው የተመሰከረላቸው ሽማግሎች ናቸው፤ እኔም የምፈልገው እንደራሴ ከእነርሱ ወገን የሆነውን ነው።

ካልዓይ ጸሐፊ

ወንድሜ ስለ መተከል የተናገሩት ልቤን ነክቶታል፤ በዚህ ረገድ ጠብ የለንም። ነገር ግን እርጋታን በሚዛን ሲያስቀምጡ በየትኛው ልሳን የተነገረውን እንደሚመዝኑ አልገለጹልንም። የክልላችን ሕገ መንግሥት በርታን፣ ጉሙዝን፣ ሺናሻን፣ ማኦንና ኮሞን ነባር ሕዝቦች ብሎ ሲያውቅ የሥራ ቋንቋው አማርኛ ነው። እንግዲህ ከመንጌ ወይም ከሼርቆሌ የመጣ የበርታ ሰው፣ ከጉባም የመጣ ጉሙዝ፣ ልጅነቱን በአማርኛ ካሳለፈ ባላጋራው ጋር በአንድ ጠረጴዛ ሲቀመጥ ምን እንደሚሆን ልብ ብለው ይመልከቱ፦ ግሡ እስኪታዘዝለት ጥቂት ዝም ይላል፤ የወንዱን አንቀጽ ለሴት፣ የሴቲቱን ለወንድ ይሰጣል፤ ስሕተቱን ሲያውቅ ዓይኑን ወደ ወረቀቱ ይጥላል፤ የተመደበለትም ደቂቃ ሐሳቡ ሳይፈጸም ያልቅበታል። ተመልካቹም «ተሸበረ፤ ነገሩን አያውቀውም» ብሎ ይፈርድበታል። ያው ሰው በመንደሩ ከዛፍ ሥር በእናቱ ቋንቋ ሲናገር ግን ሽማግሎች ጸጥ ብለው የሚያደምጡት ሊሆን ይችላል።

ሊቀ ነቢያት ሙሴ ልሳኑ ኮልታፋ ነበርና ወንድሙ አሮን አፍ ሆነለት። እስራኤል በአንደበት ቢፈርዱ ኖሮ መሪያቸው አሮን በሆነ ነበር፤ ሕዝቡ በተሰበሰበበት ጊዜ ጥጃውን ሠርቶ ያቆመላቸው ግን ያው አንደበተ ርቱዑ አሮን ነው።

ወንድሜ የ1997ቱን ክርክር ጠቅሰዋል። በዚያው ዓመት የፕሪንስተኑ የሥነ ልቡና ሊቅ አሌክሳንደር ቶዶሮቭና ባልደረቦቹ አንድ ጥናት አሳተሙ። ሰዎች የማያውቋቸውን ሁለት ተወዳዳሪዎች ፎቶግራፍ ለጥቂት ቅጽበት አይተው «ከእነዚህ ብቁ የሚመስለው ማነው?» ለሚለው ጥያቄ የሰጡት መልስ፣ ከአሜሪካ የሴኔት ውድድሮች ከመቶ 70 ያህሉን አሸናፊ ያመለከተ ሆኖ ተገኘ። ይህ ለወንድሜ ምስክር ይመስል ይሆናል፤ እኔ ግን በመራጩ ላይ የቀረበ ክስ አድርጌ አነበዋለሁ፤ አንዲት ቃል ያልተናገረ ገጽ ተሹሞአልና። ደግሞም በዚያ ዘመን ቴሌቪዥን በጥቂት ቤት ብቻ በነበረበት በእኛ ክልል፣ በ1997ቱ ምርጫ ከ9 የፓርላማ መቀመጫዎች 8ቱን የወሰደው የቤንሻንጉል ጉሙዝ ሕዝቦች ዴሞክራሲያዊ አንድነት ግንባር ነው፤ አዲስ አበባን ያስደነቀው አነጋገር እዚህ ፍርድ አልሰጠም።

ግርማ ሞገስ ብቻውን ምን እንደሚያስገኝ ለማወቅም ጄኔቭን ያስታውሱ። በሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በዓለም መንግሥታት ማኅበር ፊት በቆሙ ጊዜ የኢጣሊያ ጋዜጠኞች በፉጨትና በስድብ አወኩዋቸው፤ ንጉሠ ነገሥቱ ግን ሁከቱ እስኪበርድ በጸጥታ ጠብቀው ንግግራቸውን በአማርኛ ፈጸሙ። ያን አኳኋን ያላደነቀ አልነበረም። ሳምንት ሳይሞላ ግን ያው ጉባኤ በኢጣሊያ ላይ የተጣለው ማዕቀብ እንዲነሣ ወሰነ።

የቀዳማዊው ምላሽ

የቋንቋውን በደል ያለ ክርክር እቀበላለሁ፤ ይሁን እንጂ ወንድሜ ርቱዕነትንና እርጋታን አንድ አድርገው አይተዋል። ቃል እየፈለገ የሚዘገይ፣ ሲዘለፍ ግን የማይሳደብ ሰው እኔ ከማመሰግናቸው ወገን ነው። ሙሴን ምስክር አድርገው ቆጠሩት፤ መጽሐፍ ግን ስለ ሙሴ ከሰው ሁሉ ይልቅ ትሑት መሆኑን ይነግረናልና ምስክሩ የእኔ ነው። ስለ ጄኔቭም፣ ማዕቀቡ ይነሣ ብለው ድምፅ የሰጡትን መልእክተኞች ዛሬ በስም የሚያውቃቸው ማነው? በዚያ ቀን የታየው ትዕግሥት ግን ለኢትዮጵያ ነገር እስከ ዛሬ ይሟገታል።

የካልዓይ ምላሽ

የሙሴ ትሕትና የታወቀው በምድረ በዳ በ40 ዓመት ነው፤ የተወዳዳሪዎቻችንን ጠባይ ግን ከመብራት በታች በአንድ ሰዓት ልናውቅ እንሻለን። በአንድ ሰዓት እርጋታን የሚለብስ ተዋናይ መኖሩን ወንድሜም አያጡትም። ስለዚህ የምርጫ ቦርድና የክልላችን መገናኛ ብዙኃን ለሚመጣው ምርጫ ይህን እንዲያደርጉ እማጠናለሁ፦ እያንዳንዱ ተወዳዳሪ በአፍ መፍቻ ቋንቋው ይሟገት፤ አስተርጓሚ ይቁምለት፤ ለትርጓሜው የሚጠፋውም ጊዜ ከደቂቃው አይቀነስበት። አንተም መራጭ ሆይ፣ ክርክሩን በቴሌቪዥን ካየህ በኋላ በሬዲዮ ሲደገም ተቀምጠህ ስማው፤ ስለ ውኃ፣ ስለ መንገድ፣ ስለ ልጆችህ ትምህርት ማን ምን እንዳለ በወረቀት ጻፈው፤ ወደ ምርጫ ጣቢያም ያን ወረቀት ይዘህ ሂድ።