መዝገቡ በማን እጅ ነው?

የአንድ ድርጅት ሀብት ገንዘብ፣ መሣሪያና መጋዘን ብቻ አይደለም። ሀብቱ ከማን እንደመጣ፣ ለማን እንደወጣና ማን እንደፈረመበት የሚመሰክረው ሰነድም ራሱ ሀብት ነው። ስለሆነም የሰነድ አያያዝ ለመዝገብ ቤት ሠራተኛ ብቻ የሚተው ተራ የጽሕፈት ሥራ ሳይሆን፣ የሠራተኛውና የአርሶ አደሩ የሥልጣን ጥያቄ ነው።

የአርሲ ደጋ ይህን ከመራራ ተሞክሮ ተምሮታል። ከ1967 ዓ.ም. በፊት በጭላሎ፣ በጢቾና በአርባ ጉጉ አውራጃዎች ባለመሬቱ የግብር ደረሰኝ በእጁ ሲይዝ፣ የጭሰኛው ውል በአብዛኛው የቃል ነበር። በ1960 ዓ.ም. በስዊድን እርዳታ ሥራ የጀመረው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት (ካዱ) ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ ሲያስፋፋ በጭላሎ የመሬቱ ጥቅም ጨመረ፤ በትራክተር ማረስ የጀመሩ ባለመሬቶችም ጭሰኞችን ነቀሉ። የተነቀለው ጭሰኛ ስንት ዘመን እንዳረሰ የሚመሰክርለት አንዲት ቁራጭ ወረቀት አልነበረችውም። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው አዋጅ ቁጥር 31 ጭሰኝነትን ሲሽር የተቋቋሙት የገበሬ ማኅበራት መሬት የመደልደል ኃላፊነት ሲቀበሉ፣ የመመዝገብንም ኃላፊነት አብረው ተቀበሉ። ከዚያ ወዲህ አዋጅ ቁጥር 456/1997 የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር እንዲሰጥ ደንግጎ ነበር፤ ባልና ሚስት በጋራ የያዙት መሬት ደብተርም በሁለቱ ስም እንዲዘጋጅ አዞ ነበር። ይህ ለሚስቲቱ መከታ የሚሆነው ግን የቀበሌው መዝገብ ከደብተሩ ጋር ሲስማማ ብቻ ነው።

ጢቾን በመሰለ የስንዴና የገብስ አገር፣ እህሉን ለኅብረት ሥራ ማኅበር የሚያስረክብ ገበሬ ጉዳይም ከዚህ የተለየ አይደለም። ሚዛኑ ላይ የተነበበው ኩንታል በደረሰኝ ካልሰፈረ፣ ድካሙ በሌላው ሰው ትዝታ ላይ ተንጠለጠለ ማለት ነው። በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ንብረት ሲገባ ሞዴል 19፣ ሲጠየቅ ሞዴል 20፣ ሲወጣ ሞዴል 22 መዘጋጀቱ በከንቱ አይደለም። ጠያቂው፣ ፈቃጁና ንብረት ጠባቂው የተለያዩ ሰዎች ሆነው እርስ በርስ እንዲቆጣጠሩ ነው። ሦስቱ በአንድ እጅ ሲጠቃለሉ ግን ወረቀቱ የቁጥጥር መሣሪያ መሆኑ ቀርቶ የምዝበራ መሸፈኛ ይሆናል።

እዚህ ላይ ሁለት ዝንባሌዎችን መታገል ይገባል። አንደኛው መዝገቡን በመሳቢያ ቆልፎ አባሉን «ፋይሉ ጠፍቷል» እያሉ ማመላለስ ነው። ሁለተኛው ማንም የማያነበውን ወረቀት መቆለል ነው። መልካቸው ይለያይ እንጂ ሁለቱም አባሉን ከገዛ ጉዳዩ ያርቁታል። ኮምፒዩተርም ብቻውን መድኃኒት አይሆንም፤ የተሳሳተ ቁጥር ቢሰጡት የተሳሳተውን በፍጥነት ያባዛል።

ስለዚህ የቀበሌ ነዋሪውም ሆነ ሠራተኛው ያለ ደረሰኝ አይክፈል፣ ያለ ደረሰኝ አያስረክብ። ቃለ ጉባኤው ከመፈረሙ በፊት ለጉባኤተኛው ይነበብ፤ የመዝገቡ ቅጂ በሁለት ቦታ ይቀመጥ፤ ኃላፊ ሲለወጥ ሰነዱ ተቆጥሮ በፊርማ ይረከብ። የጋራ ሀብት የጋራ የሚሆነው መዝገቡን ሁሉም አይቶ ሲጠይቅበት ነው!